በር ላይ ያለችው ፕሉቶ

ሰዲቅ ኔፕቱንን ስሎ ጨርሶ መሰላሉን ወደ ቀኝ ሲገፋ ግንቡ አለቀበት። ከዚያ ወዲያ ያለው የግቢው የብረት በር ነው። ብሩሹን እንደያዘ መሰላሉ ሥር ዘፍ ብሎ ተቀመጠ። ከንጋት ጀምሮ ቆሞ ነው የዋለው፤ ወገቡ የራሱ አልመስልህ ብሎታል።

ጥፋቱን የሚያላክክበት ሰው የለም። ዓመታት ሙሉ ለአብዮት በዓል የአደባባይ ሰሌዳ ሲስል የኖረ እጅ፣ መሪውን አግዝፎ መጀመርና ሌላውን በተረፈው ቦታ ማሰለፍ ነው የለመደው። ደርግ ከወደቀ አምስት ዓመቱ፤ የሰዲቅ እጅ ግን ወሬው ገና አልደረሰውም። ዛሬም ጠዋት ፀሐይን እንደ ልማዱ ጀመራት፤ የግንቡን ሲሶ ይዛ ተንሰራፋች። ሜርኩሪ፣ ቬኑስ፣ መሬትና ማርስ ተሸማቀው ተደረደሩ። ጁፒተር ወፈረ፣ ሳተርን ቀለበቱን ዘረጋ፣ ዩራነስና ኔፕቱን ትከሻ ለትከሻ ተጣበቁ። ፕሉቶ ሜዳ ላይ ቀረች።

“ስንት ቀረህ?” አሉ ዘበኛው ጋሽ ረጋሳ፣ ከአግዳሚያቸው ሳይነሱ። ይህ የገርጂ ግቢ መዋዕለ ሕፃናት ከመሆኑ በፊት የእሳቸው የገብስ ማሳ ነበር። አሁን በሩን ይጠብቃሉ።

“አንዲት። ግን ቦታ የለም ጋሼ።”

“ስምንት መች አነሰ? ይበቃል በላቸው።”

አይበቃም። የመዋዕለ ሕፃናቱ ባለቤት ወይዘሮ ሀጀር ጠዋት የሳይንስ መጽሐፍ ገልጠው፣ ፕላኔቶቹን በጣታቸው አንድ በአንድ ቆጥረው ነው ያስረከቡት። ነገ ከትምህርት ቢሮ ሊጎበኙ ይመጣሉ። “ዘጠኙም ካሉ ሰኞ ልጅህን ይዘህ ትመጣለህ። ከጎደሉ ግን በኖራ አስጠፍቼ ሌላ ሰዓሊ ነው የማመጣው” ብለውታል። ውላቸው ይኸው ነው፤ እሱ ግንቡን ይስላል፣ ራሕማ በነፃ ትማራለች። ልጅቷ ከአሁኑ ደብተሯን በፌስታል ጠቅልላ ትራሷ ሥር አድርጋ ነው የምትተኛው። ይህ ትዝ ሲለው ልቅሶ ልቅሶ አለው።

“ፀሐይዋን ለምን አታሳንሳትም?”

“ቀለሙም አልቋል፣ ክንዴም አልቋል።”

ከዚያ በሩን አየው። ሽማግሌውም ዓይኑን ተከትለው አዩ።

“ኧረ ባክህ! በር ላይ?”

“ሌላ ምን አለኝ?”

መሰላል የሚወጣበት አቅም አልነበረውም። ከግንቡ ጋር በሚያያዘው የበሩ ክንፍ ላይ፣ ተንበርክኮ፣ ጣሳው ሥር በተረፈችው ሰማያዊ ቀለም የሰሃን ያህል ክብ ሳለ። ከሥሯም ስሟን ጻፈ። “እስክትደርቅ እንዳይከፍቱት፣ አደራ” አለና ብሩሹን እንኳ ሳያጥብ መሰላሉን ከበሩ ራቅ አድርጎ ሥሩ ተቀመጠ።

ዓይኑን ገና ከመክደኑ ክላክስ ተሰማ። የወይዘሮ ሀጀር መኪና ናት።

ጋሽ ረጋሳ መክፈት ግድ ሆነባቸው። በሩ ወደ ውስጥ ነው የሚከፈተው፤ ተመልሶ ከግንቡ ሲጋጠም እርጥቡ ቀለም እንዳይፋቅ ሰግተው ራሳቸው በመሀል ገቡ። ክንፉን በመዳፋቸው ደግፈው እዚያው ቆሙ። ከውጭ የሚታየው ጫማቸው ብቻ ነበር።

ወይዘሮ ሀጀር ከመኪናቸው ወርደው ሻሻቸውን እያስተካከሉ ከሜርኩሪ ጀምረው ቆጠሩ። የበሩ ክንፍ ጋ ሲደርሱ ጣታቸው አየር ላይ ቀረ።

“ሰባት! ጭራሽ ሰባት? አንተ ሰዲቅ፣ ዘጠኝ አላልኩህም?”

ሰዲቅ የመሰላሉን እግር ይዞ ሊነሳ ሞከረ። የሚናገረውን ያውቃል፣ አፉ ድረስ የሚያመጣበት ጉልበት ነው ያጣው። ማታ ራሕማ ሮጣ በር ላይ ስትቀበለው ምን እንደሚላት ብቻ ያስብ ጀመር።

“እትዬ፣ መኪናዋ ገብታለች?” አለ ከበሩ ኋላ የታፈነ ድምፅ። “ልዝጋው? እኔም ትንፋሽ አጠረኝ።”

በሩ እያቃሰተ ከግንቡ ተላቀቀ። መጀመሪያ ኔፕቱን ከተደበቀበት ብቅ አለ። ከዚያ ፕሉቶ ዞራ መጣችና ከሁሉም ራቅ፣ ከሁሉም ዝቅ ብላ ቆመች።

ወይዘሮ ሀጀር አየር ላይ በቀረው ጣታቸው ስምንት፣ ዘጠኝ ብለው ቆጠሩ።

“ጋሽ ረጋሳ፣ እስቲ ይድገሙት።”

ከፈቱ፤ ዘጉ።

“መጽሐፉ ሁሉም ይዞራሉ አይደል የሚለው?”

“ነው” አለ ሰዲቅ። “የቻለችው ግን እሷ ብቻ ናት።”

ሴትዮዋ ሳቃቸውን ሊደብቁ ፊታቸውን አዞሩ። “ሰኞ፣ ሁለት ሰዓት። እንዳታረፍዱ” አሉና ወደ ቢሯቸው ሄዱ።

ጋሽ ረጋሳ መዳፋቸውን ገልብጠው አዩ። ሰማያዊ ሆኗል። ጎንበስ ብለው ሲመለከቱ፣ የመዳፋቸው ቅርጽ ከነስንጥቁ ፕሉቶ መሀል ላይ ታትሟል።

“አበላሸሁብህ ልጄ። ቶሎ አስተካክላት፣ ሳትደርቅ።”

ሰዲቅ ወደ ብሩሹ እጁን ዘረጋና መልሶ ተወው። ተንበርክኮ ስለሳላት ፕሉቶ ከራሕማ ትከሻ አትበልጥም። ሰኞ ጠዋት በዚህ በር እንደገባች የምታደርገውን ያውቃል። ጣቶቿን ዘርግታ፣ ትንሿን መዳፏን ከሽማግሌው መዳፍ ላይ አድርጋ ትለካለች።