በባና ተሸፍኖ ያደረ ብረት

በያጇ ኮከብ የሱፍ ባናውን ለመግለጥ ስታጎነብስ፣ የመንገድ ሥራው ግሬደር ኦፕሬተር ጋሼ ትዕዛዙ ከጀርባዋ ቆመው ነበር። ከባናው ስር በትኩስ አመድ ተቀብሮ ያደረው የግሬደሩ የካምቢዮ ክዳን ነው። ሁለት ጊዜ በይዳው፣ ሁለቱንም ጊዜ የሞላሌ ብርዳም ንፋስ እንደጋለ አግኝቶት ተሰንጥቆባታል። ዛሬም ከተሰነጠቀ ግሬደሩ ተጎትቶ ደብረ ብርሃን ይሄዳል፤ ከዚያ ወዲያ ደጇን የሚረግጥ ሹፌር አይኖርም።

«ብረትም እንደ አራስ ይሸፈናል እንዴ?» አሉ።

«ጊዛ የሚሉት ተሰባሪ ብረት ብርድ አይችልም ጋሼ። ቀስ ብሎ ካልቀዘቀዘ ይሰነጠቃል።»

«እኛስ መቼ ቻልነው!»

አመዱን በእጇ ጠረገችው። ክዳኑ ለብ ብሏል። ጣቷን በብየዳው ላይ ከጫፍ እስከ ጫፍ አስኬደችው፤ ምንም አላገኘችም። ግን ለጣት የማይገኝ ስንጥቅም አለ። ክዳኑን በሽቦ አንጠልጥላ፣ ትንፋሿን ውጣ፣ በመዶሻ መታችው። ድምፁ ጥርት ብሎ ወጣና ግቢውን አልፎ ሄደ፤ በመንገድ የሚያልፉ ገበያተኞች ዞር አሉ። የተሰነጠቀ ብረት እንደዚያ አይጮህም።

ጋሼ ትዕዛዙ መዶሻውን ተቀብለው ራሳቸው መቱት። ደገሙት። ሠለሱት።

«ኧረ ይበቃል ጋሼ፣ ቅዳሴ ሊደወል ነው እንዴ?» አለች፣ ሳቋ እያመለጣት።

እሳቸው መዶሻውን አስቀምጠው ወደ ግሬደሩ ሄዱ። ከወንበሩ ስር በጆንያ የተጠቀለለ ሌላ ስባሪ ብረት አውጥተው እግሯ ስር አኖሩት።

«ይቺን ለደብረ ብርሃን በያጆች ነበር የደበቅኳት» አሉ። «በይ ጀምሪ፤ አመዱን እኔ አመጣለሁ።»