የነጂው ሁለተኛ ዓይን

ሠዓሊው ተራራውንና ገደሉን፣ ጢሱን እየተፋ ወደ ላይ የሚወጣውንም የከሰል ባቡር ከነነጂው ስሎ ሲጨርስ ክንዱ ዝሎ ነበር። ሥዕሉን ያዘዘችው የሟቹ ባቡር ነጂ ሚስት ግን እንዳየችው ፊቷ ጠቆረ።

"ምነው አለቃ፣ ባሌን በአንድ ዓይን? እንደ ይሁዳ!"

"በጎን ስለሳልኩት ነው፣ እትዬ ሸዋገነት። መንገዱን እያየ እኮ ነው።"

እሱም ቢሆን ቤተ ክርስቲያን ሲስል ያረጀ ሰው ነበርና ሁለት ዓይን ለጻድቅ፣ አንድ ዓይን ለኃጥእ እንደሚሳል አልጠፋውም። ተንፍሶ ብሩሹን አነሳ፤ የነጂውንም ፊት ከሐዲዱ ወደ እሷ አዞረው።

"ይኸው። እንግዲህ መንገዱን ማን ያይለታል?"

ሴትዮዋ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች።

"መንገዱንማ ሲያይ ኖረ። ደቻቱ ወንዝ ዳር ቆሜ ስንቴ ስሸኘው፣ አንድ ቀን እንኳ ዞሮ አላየኝም።"