የቦዩ ወለል ላይ የቀረው ቅቤ

ያንግዞም የመባውን የቅቤ ድቡልቡል ውሃው ጠርጎ እንዲወስደው ቦዩ ወለል ላይ አስቀመጠችና፣ የቦዩን አፍ የዘጋውን ድንጋይ በሁለት እጇ ታቅፋ አነሳችው። መንደሩ በሙሉ ኋላዋ ቆሞ ጆሮውን አቁሟል።

ምንም የለም።

"ጎተት አድርጊው እንጂ እትዬ፤ ሠርግ ላይ እንዲህ አትደክሚም" አላት ከበሮ መቺው ታሺ።

ሰው ሳቀ። እሷም ሳቀች። ድንጋዩ ግን ተነስቶ አጠገቧ ተቀምጧል።

የዘንድሮን ውሃ እሷ ትክፈት የተባለው እንዲሁ አይደለም። ቦዩን የሚሞላው ከላይ የሚቀልጠው በረዶ ነው። ከማሳዋ በላይ ያለውን ጥድ አምና አስቆርጣ ስትሸጥ "ቅርንጫፍ ላይ ተንጠልጥሎ የሚባክነው በረዶ እንግዲህ መሬቴ ላይ ይወርዳል" ብላ ነበር። እውነትም በብርዱ ወራት የተመነጠረው መሬት ላይ በረዶው እስከ ወገብ ተከመረ። ያኔ የሷን አፍ ማን ይዝጋው! ጥዴን አልሸጥም ያለችውን የባሏን እህት ዶልማን "ባል ብታጣ ዛፍ አቅፋ ታድራለች" እያለች ስትቦጭቃት ከረመች። ከዶልማ ጥዶች ሥር በረዶው ቁርጭምጭሚት አይሞላም ነበራ።

በኛ በኪናውር ተራራማ አገር ደግሞ አድባሩ፣ የመንደሩ አምላክ ምስል፣ በቃሬዛ ሆኖ፣ በከበሮ ታጅቦ ሳይወጣ ቀድሞ የቦዩን አፍ ያየ ሰው ውሃውን ያስቀይማል። ስለዚህ ማንም ወደዚህ ዝር አላለም፤ ከመንደሩ ሆኖ ደግሞ ቁልቁለቱ አይታይም። አንድ ቀን፣ ገብሱ ገና ሳይበቅል፣ ወንዙ ደፍርሶ ሌሊቱን ሲያገሳ አደረ። ያንግዞም ጠዋት ተነስታ ለሰፈሩ ሁሉ "ሰማችሁት? የኔ በረዶ ሲዘፍን ነው ያደረው" ብላ አወራች።

አሁን ቀና ብላ አየች።

ተራራው ራቁቱን ቀርቷል። ጉቶ ብቻ። ጎርፍ የቦረቦረው ጭቃ ደርቆ ተሰነጣጥቋል። ያ ሁሉ በረዶ፣ ፀሐይና ንፋስ ተቀባብለው ጨርሰውታል፤ ለምልክት እንኳ አልተረፈም።

ድንጋዩ ላይ ዘጭ አለች። ታች ገብሱ በቅሎ ምላሱን አውጥቷል። ጎተራዋን አራግፋ ነው የዘራችው፤ ያ ከደረቀ ዓመቱን ሙሉ የምትበላው የላትም።

"የት ሄደ?" አለች፣ ሰው እንደጠፋባት ሁሉ።

"ሲዘፍን ሰምተሽው የለም እንዴ፣ እቴ" አለች ዶልማ ከኋላ፣ ቀስ ብላ። "እሱማ ሲሰናበትሽ ነበር።"

ታሺ እጁን ከበሮው ላይ እንዳሳረፈ ቀረ። አድባሩን የተሸከሙትም ቃሬዛውን ማውረድ አላወቁ፣ መመለስ አላወቁ። ከወዲያ በኩል ጠብ፣ ጠብ የሚል ነገር ተሰማ። ከዶልማ ጥዶች ሥር ያ የተናቀ በረዶ ቆሽሾ፣ ሳስቶ፣ ግን ጥላው ውስጥ ተኝቶ አለ፤ እንደ ክር የቀጠነች ውሃ ከሥሩ ወጥታ ወደ ዶልማ ማሳ ትወርዳለች።

ያንግዞም ወደዚያ አላየችም። ዓይኗ ቦዩ ወለል ላይ ነው። ፀሐይዋ እዚያም ደርሳ፣ ቅቤው ከዳር ከዳሩ እየቀለጠ ደረቁ ጭቃ ውስጥ ይሰርጋል።