በዓይኔ በብረቱ

ሾፌሩ ኤሌክትሪክ ስኩተርን የጠላው ገና ከተማው ውስጥ ሳይበዛ ነው። የሚያሽከረክረው ትልቁን የከተማ አውቶቡስ ነው፤ ከአፍንጫው ስር ሽው እያሉ የሚያልፉት ስኩተሮች በየቀኑ ፍሬን ያስረግጡታል። «ሞተር ይሁን መጫወቻ ያልለየለት ነገር!» ይላል። ሕጉን ግን ሽምድድ አድርጎ ያውቀዋል፤ ከአሥራ ስምንት ዓመት በታች አይነዳም፣ በእግረኛ መንገድ አይኬድም፣ ሰው አይታዘልም፣ ያለ ሄልሜት አይወጣም። ይህንኑ ራት ላይ ለልጁ እንደ ጸሎት ይደግምላታል። እናቷ ካረፈች ወዲህ በዓለም ላይ ለእሱ ያለችው እሷ ብቻ ናት። ገና ሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ነች። «እሺ አባዬ» ትላለች ሳህኑን እያነሳች።

ዛሬ ልጅቷ ሆስፒታል ተኝታለች። ትከሻዋ ተሰብሯል፤ ሁለቱም መዳፎቿ ተልጠው በፋሻ ተጠቅልለዋል። ሐኪሙ «ጭንቅላቷ ተርፏል። ማደንዘዣው ሲለቃት ትነቃለች» ብሎታል።

ትይዩ ባለው ክፍል አንዲት አሮጊት አሉ። የእሳቸው ግን አያድርስ ነው። ከጀርባ ተገጭተው ጭንቅላታቸው ከእግረኛ መንገዱ ድንጋይ ጠርዝ ጋር ተላትሟል። ልጃቸው ልብስ ሰፊ ነው፤ ሥራ ላይ እንዳለ ተጠርቶ ስለመጣ ሜትሩ እስካሁን አንገቱ ላይ ተንጠልጥሏል። ሾፌሩና ልብስ ሰፊው ከጠዋት ጀምሮ ኮሪደሩ ውስጥ አንድ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። አደጋው ቦታ የደረሱ ሰዎች ያዩት ሁለት ሴቶችና አንድ ስኩተር እግረኛ መንገድ ላይ ተዘርረው ነው። ነጂው አምልጧል ተባለ።

የስኩተሩ ባለቤት ለመገኘት ጊዜ አልፈጀም። ሠፈርተኛው «ጥይቱ» የሚለው ዕቃ አድራሽ ነው። ሸሚዙ ደም በደም ሆኖ እዚያው ሆስፒታሉ በር ላይ ቆሞ ነበር። ሾፌሩን ሲያይ ወደ እሱ ሮጠ።

«ጋሼ፣ ነቃች?»

ሾፌሩ አንገቱን ሊያንቀው ሲል ሰው መሃል ገባ። ከሁሉ በላይ አንጀቱን ያሳረረው የጎረምሳው ገላ ነው። ያን ሁሉ ደም ለብሶ እሱ ላይ አንዲት ጭረት እንኳ የለችም።

ትራፊክ ፖሊሱ ወደ አግዳሚው መጣ። በእጁ አንድ ጎኑ ክፉኛ የተፋቀ ሄልሜት ይዟል።

«ስኩተሩም ሄልሜቱም የኔ ነው ብሏል» አለ። «ማን ይነዳ ነበር ስንለው ግን አፉን ለጎመ።»

«የራሱን ጭንቅላትማ አሳምሮ ሸፍኗል!» አለ ሾፌሩ። «ዝምታውስ ምን ማለት እንደሆነ ሕፃን ልጅ ያጣዋል?»

«ይገባኛል፣ አባት። ግን እሱ ሲነዳ ያየ ሰው የለም። ንብረቱ ስለሆነ ብቻ ገጭተሃል አንለውም። ልጅቷ ትንቃና ቃሏን እንስማ።»

«እስከዚያ በዋስ ወጥቶ ይሰወራል!»

ልብስ ሰፊው ቀና ሳይል ተናገረ። «እናቴን ማን እንደገጫት እንኳ ሳላውቅ ልቀብራት ነው?»

ሾፌሩ የሰውየውን ጎንበስ ያለ ጀርባ አየ። ከዚያ የልጅቷን ክፍል በር አየ።

«እኔ አይቼዋለሁ» አለ።

ፖሊሱ ትክ ብሎ ተመለከተው።

«የአውቶቡሴ መስመር በዚያ ነው። እግረኛ መንገድ ላይ ወጥቶ ሲበር በዓይኔ በብረቱ አይቼዋለሁ።»

አላየም። በዚያ ሰዓት አውቶቡሱን መነሻው ላይ አቁሞ ሻይ እየጠጣ ነበር። ግን ውሸት ብሎ አልቆጠረውም። እውነቱ አንድ ምስክር ጎደለው እንጂ ምን ጎደለው?

«ፍርድ ቤት ቆመው ይህንኑ ይላሉ?»

«ምዬ እላለሁ! ያሳደገውም ሰው ይጠየቅ። ልጁን መንገድ ላይ የለቀቀ ወላጅ አብሮ መታሰር አለበት።»

«ሕጉ ወላጅን የሚጠይቀው ነጂው ለአካለ መጠን ካልደረሰ ነው። ይሄ ሃያውን አልፏል።»

«ዕድለኛ ወላጅ!» አለ ሾፌሩ በምሬት።

ጎረምሳውን በካቴና በኮሪደሩ አመጡት። ፖሊሱ የዓይን ምስክር መገኘቱን ነገረው፤ ማን እንደሆነም በአገጩ ጠቆመው። ጎረምሳው ሾፌሩን እያየ አፉን ከፈተ። ከዚያ ዓይኑ ወደ ልጅቷ በር ሄደ፤ እዚያው ቆየ።

«እሳቸው አየሁ ካሉ…» አለ ቀስ ብሎ፣ «እኔ ነኝ።»

ሾፌሩ ትልቅ ሸክም ከላዩ ወረደለት። አየህ፣ አለ በልቡ፣ አልዋሸሁም ማለት ነው።

ከሰዓት በኋላ አሮጊቷ አረፉ። ልብስ ሰፊው ከክፍሉ ሲወጣ ሾፌሩ ሄዶ ደገፈው። ሁለቱ ትልልቅ ሰዎች ተቃቅፈው እንደ ልጅ አለቀሱ።

«የእናትህ ደም ደመ ከልብ ሆኖ አይቀርም» አለ ሾፌሩ ጀርባውን እየመታ። «እኔ እያለሁ ምሕረት የሚባል ነገር የለም። እስር ቤት ይበስብስ።»

«ወንድም ሆንከኝ» አለ ልብስ ሰፊው።

ነርሷ ከትይዩው በር ብቅ አለች። «የልጅቷ አባት፣ ነቅታለች። ይግቡ።»

ሾፌሩ እንባውን ሳይጠርግ ተነሳ። ልብስ ሰፊውም ተከተለው። «ያንተዋ እንኳን ተረፈችልህ» አለ። «እግዜር ይማርሽ ልበላትና እናቴን ልውሰድ።»

አልጋው አጠገብ ጎን ለጎን ቆሙ። ልጅቷ ዓይኗን ገለጥ አድርጋ አባቷን ፈለገች፤ ከንፈሯ ደርቋል።

«አባዬ፣ እሱን እንዳትቆጣው፤ እኔ ነኝ ለምኜው የነዳሁት። የገጨኋቸው እናትስ ተረፉ?»