ሦስተኛው ሳህን

«ሦስተኛውን የምትደግፉ?» አለ ካድሬው። አምስቱም ቀማሾች እጃቸውን አወጡ፤ ተመራማሪውም አወጣ። ሌላ ጊዜ በዚህ የአዋሳ ላቦራቶሪ የቲማቲም ድልህ ሲቀመስ ቀማሾቹ ጀርባ ለጀርባ ተቀምጠው፣ ሳይነጋገሩ፣ የቀመሱትን በየወረቀታቸው ይጽፉ ነበር። ዛሬ ግን ካድሬው «ጓዶች፣ ምን መደባበቅ ነው?» ብሎ አንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ሰብስቧቸዋል።

የሦስተኛው ሳህን ድልህ ኮታ እንዲሞላ በካድሬው ትእዛዝ በጥድፊያ ከተቀቀለው የተቀዳ ነበር። የዚያ ዙር ጣሳዎች መጋዘን ውስጥ ሆዳቸው በብልሽት መነፋት መጀመሩን ተመራማሪው ጠዋት በዓይኑ አይቷል። ድልሁ በድምፅ ከጸደቀ ነገ ጣሳዎቹ ተጭነው ወደ ጦር ግንባር ይሄዳሉ። ይህን እያወቀ የተሰቀለውን እጁን ሲያየው የሌላ ሰው እጅ መሰለው።

«ተቃውሞ?» አለ ካድሬው ለወጉ ያህል፣ ዓይኑን ከመዝገቡ ሳያነሳ። የቀማሾቹ እጆች ወረዱ። ከማጠቢያው በኩል ግን አንድ እጅ ወጣ፤ የዕቃ አጣቢዋ የእትዬ እታፈራሁ ነበር። የሳሙና ውሃ ከክርናቸው ይንጠባጠባል።

«በጣቴ ቀምሼዋለሁ፤ ኮምጥጧል» አሉ። «እኔ ለውሻም አልሰጠው!»

ካድሬው ቀና አለ። ዓይኑ ከእሳቸው ተነስቶ ተመራማሪው ላይ አረፈ። ተመራማሪው ያን ጊዜ ነው ልብ ያለው፤ ቅድም ለድጋፍ ያወጣውን እጁን ገና አላወረደውም።

«ጓድ፣ ተቃውሞ ነው ወይስ እጅህን ረስተኸው?»

ተመራማሪው የዛለውን እጁን በሌላኛው እጁ ደገፈው እንጂ አላወረደውም።