የሚታይ ፊልም

አገርነሽ በእንባዋ የራሰውን የነጠላዋን ጫፍ በመዳፏ ጨብጣ ከሲኒማ ቤቱ ስትወጣ፣ የቀበሌው ጓድ አምባቸው ከዘንባባው ጥላ ሥር ሆኖ ጠራት። ዓምና ወንድሟን ከቤት አውጥተው ከረሸኑት አንዱ እሱ ነበር፤ «ለአብዮት ጠላት አይለቀስም» ብሎ ቤተሰቡን ያስጠነቀቀም እሱው። እርሟን ያወጣችው ገና ዛሬ፣ በሲኒማው ጨለማ ውስጥ ነበር።

«ፊልሙ እንዴት ነው? ይታያል?» አላት፤ ዓይኑ ግን ከጨበጠችው ነጠላ ላይ ነበር።

«ተረት ነው፣ ጓድ። የጥንት ንጉሥ፣ ጠንቋይ፣ ጎራዴ... እንዲህ እንዲያ ነው።»

«ተረት ደግሞ ያስለቅሳል እንዴ?»

«ኧረ ሣቅሁ እንጂ መቼ አለቀስሁ! ሣቅም ሲበዛ እኮ እንባ ያመጣል።»

አላመናትም። ከከተማው ዳር ካለው ሐይቅ የሚመጣው ነፋስ የነጠላዋን ሌላውን ጫፍ አውለበለበው። «ተከተይኝ» እስኪላት ጠበቀች። ሰውየው ግን ግራ ቀኙን ቃኝቶ ጠጋ አላትና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ያ የንጉሡ ሰዎች ገድለው ሐይቅ ውስጥ የጣሉት ፈረሰኛ ከሞት ይነሣል ይላሉ። እውነት ነው?»

«ይነሣል።»

«ሲነሣ ታዲያ... የገደሉትን በመልካቸው ያውቃቸዋል?»

ቀና ብላ አየችው። ጥላ ሥር ቆሞ ግንባሩ በላብ ተጠምቋል። መዳፏን ፈታችና የራሰውን ነጠላ እፊቱ ለቀቀችው።

«ይግቡና ይዩት እንጂ፣ ጓድ» አለችው። «የሚታይ ፊልም ነው።»