ከሰማንያ ሳትዘል፣ ከአርባ ሳትወርድ

የልብስ ሰፊዋ ወንድም ስለ ላፕቶፑ ሲጠይቅ የሰማ ሰው፣ የታመመች ልጁን ትቶ የሄደ አባት ይመስለዋል።

"እታለም፣ እንዴት አደረች?"

"ስልሳ ሁለት በመቶ።"

"ጎሽ። ሰማንያ ስትደርስ ከሶኬቱ ንቀያት። ከአርባ በታች ግን እንዳትወርድብኝ፣ አፈር ስሆን።"

ላፕቶፑን "እሷ" ነው የሚላት። ልብስ ሰፊዋ ጆሮው ላይ ዘጋችበትና ወደ ስፌት መኪናዋ ተመለሰች። ደሟ ፈልቷል። በየቀኑ ይደውላል፣ ስለ እናቱ ግን አንዲት ቃል አይጠይቅም።

እርግጥ እንዳይጠይቅ የከለከለችው ራሷ ናት። አባታቸው ሲቀበር ሥራ በዛብኝ ብሎ ሳይደርስ የቀረ ጊዜ፣ "ከእንግዲህ የእማዬን ደጅ እንዳትረግጥ፤ ድምፅህንም እንዳታሰማት" ብላ ምላበታለች። ቢሆንም ሰው የሆነ ሰው ተከልክሎም ይጠይቃል። እሱ ቃሏን አክብሮ ጭጭ ማለቱ ጭራሽ አንጀቷን አሳረረው።

ላፕቶፑን ያመጡት አጎታቸው ናቸው። ወንድሟ ለሥራ ሩቅ አገር ሊከርም ነው፤ ዕቃው የመሥሪያ ቤቱ ስለሆነ ይዞት መውጣት አይችልም፤ ሰው በሌለበት ቤት ተቆልፎበት ከከረመ ደግሞ ባትሪው ይሞታል አሏት። ልብስ ሰፊዋ የተቀበለችው ለወንድሟ ብላ ሳይሆን የአጎቷ ፊት ከብዷት ነው።

"ሙቀት ጠላቱ ነው" አሉ አጎትየው፣ የተነገራቸውን እንደ ተማሪ እየደገሙ። "ከቤቱ ቀዝቀዝ የሚለው የእናትሽ ክፍል ነው። ኮመዲኖው ላይ ይሁን።"

"የእማዬ ክፍል ዕቃ ቤት ሆነ?"

"ምን ቦታ ይፈጅብሻል? ኢንተርኔት ካላገኘ ደግሞ ጤናውን አይናገርም አለኝ።"

የቤቱን ኢንተርኔት ራሳቸው አገናኝተውላት፣ ማያውን ወደ አልጋው፣ ጀርባውን ወደ በሩ አድርገው አስቀመጡት። ሽቦው እንዳይጠልፋት ነው አሉ።

ጣጣው ብዙ ነው። ጠዋት ጠዋት ክዳኑን መክፈት፣ ቁጥሩን አይቶ መንገር፣ ከዚያ ሳይነኩ መተው። "በራሷ እየሠራች ትንሽ ትውረድ። ዝም ብሎ የተቀመጠ ባትሪ ይታመማል" ይላል ወንድሟ። ከማያው በላይ የስንዴ ፍሬ የምታክል አረንጓዴ መብራት ትበራለች። ምንድን ናት ብትለው "ደህና ናት ማለት ነው" አላት።

እናቷ ግራ ጎኗን ሽባነት ከያዛት ወዲህ የምትናገረው ከስንት አንዴ ነው፤ ያውም እየተኮላተፈች። ልብስ ሰፊዋ ታጥባታለች፣ ታጎርሳታለች፣ ታገላብጣታለች። የምትፈራው አንድ ነገር ነው፤ እናቷ እሷንም ሳታውቃት እንዳትሄድ። የዚህንም ምልክት እያየች ይመስላታል። አንድ ጠዋት ክዳኑን ከፍታ ልትወጣ ስትል እናቷ "ተባረኪ" አለቻት፤ መጋረጃውን ስለገለጠችላት መሰላት። ግድግዳውን እያየች ትውል የነበረችው ሴት አሁን ወደ ኮመዲኖው ካልዞርኩ ትላለች። ሻሿን ሳያስሩላት ቁርስ አልቀምስም ማለትም አምጥታለች።

ከሁሉ የባሰው ማጉተምተሟ ነው። ልብስ ሰፊዋ ክር ለመቀየር መኪናዋን ገታ ስታደርግ ከእናቷ ክፍል ይሰማታል። ልታይ ስትነሳ ዝም ይላል። እማዬ ብቻዋን ማውራት ጀመረች ብላ፣ የሰው ቀሚስ ላይ አለቀሰች።

በዚያ ሳምንት አንድ ጠዋት ስልኩ ጮኸ።

"እታለም፣ ከመስኮቱ ትንሽ ዞር አድርጊያት። ፀሐይ እየመታት ነው።"

ጥርሷን ነክሳ ሄደች። እውነትም የመስኮቱ ፀሐይ ኮመዲኖው ላይ ወጥቷል። ማያው ጥቁር ነው፤ አረንጓዴዋ መብራት ብቻ ትበራለች። ከአልጋው ሳትመልሰው ትንሽ ዞር አደረገችውና እናቷ እንዳትሰማ ሳሎን ወጥታ የቆጠበችውን ሁሉ ለቀቀችበት።

"አንተ ሰው፣ አታፍርም? ለአንድ ብረት ፀሐይ መታት ትላለህ። እናትህ እዚህ ቤት ተኝታለች እኮ። ብቻዋን ማውራት ጀምራለች።"

"እታለም…"

"እታለም አትበለኝ። የሷን ጤና ጠይቀህ ታውቃለህ? ልንገርህ፣ እሷም ከአርባ በታች ወርዳለች። ሶኬት ላይ ሰክቼ አልመልሳት ነገር።"



"አውቃለሁ" አለ ወንድሟ።

"ምኑን ነው የምታውቀው? አባትህን እንኳ አልቀበርክ።"

ጆሮው ላይ ዘጋችበት። መኪናዋ ላይ ተቀምጣ መርገጥ ጀመረች፤ ስፌቱ ተጣመመ፣ ክሩም ተበጠሰ። መኪናው ሲቆም ያ ማጉተምተም ከእናቷ ክፍል መጣ፤ ዛሬ ደግሞ ሳግ አለበት።

ያን ጊዜ ትዕግሥቷ አለቀ። እናቷን የምታገላብጥበትን ጊዜ የወሰደባት ይሄ ዕቃ ነው፤ ጠዋቷን በሙሉ በንዴት የሚያበላሽባት ይሄ ዕቃ ነው። በሩን በርግዳ ገባች። ከኋላ በኩል እንደመጣች ክዳኑን ጓ አድርጋ ከደነችው፣ ሽቦውን መንጭቃ ነቀለች፣ ቁም ሳጥኑን ከፍታ ብርድ ልብሶቹ ሥር ወሸቀችው።

"ይሙት እንግዲህ" አለች። "ባትሪውም ይሙት፣ ነገሩም ይለቅ።"

እናቷ ደህናውን እጇን ወደ ባዶው ኮመዲኖ ዘረጋች። ሻሿ እንደታሰረ ነው፣ ፊቷ በእንባ ርሷል።

"ገና እያየኝ እኮ ነበር" አለች፤ "ምነው ወንድምሽ ላይ ዘጋሽበት?"